ከሰል የሚያውቅ ሰው

በፈረንጆቹ 2020፣ ካዚኖዎቹ ከተዘጉ በኋላ አንድ በአንድ መከፈት በጀመሩበት ሰሞን፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ሴት በኢንተርኔት ከሰል አዘዙ። በሰማንያዎቹ በስደት መጥተው እዚሁ ያረጁ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ማስተናገድ ስለተከለከለ በራቸው ላይ ያለው ፓርኪንግ ውስጥ ድንኳን ጥለው ሸክላ ጥብስ መሸጥ ጀምረው ነበር። ሸክላ ጥብስ ያለ ከሰል አይሆንም፤ ከሰል ደግሞ በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ጓሮው ውስጥ ሥጋ ጠባሽ ስለሆነ ከየመደብሩ ጠፍቷል። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸው ላይ «ኮል» ብለው ጻፉ። በእኛ ቋንቋ ከሰል ከሰል ነው፤ ሴትየዋ ምን አጠፉ?

የመጣላቸው የድንጋይ ከሰል ነበር። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው፣ ብረት ቀጥቃጮች የሚያነዱት። ካርቶኑን ሲከፍቱት ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ይከብዳል፤ «ዘንድሮ ጥሩ ጥሩውን ላኩልኝ» ብለው ከሸክላው ሥር ጨመሩት። ትንሽ ቆይቶ ቢጫ ጭስ ወጣ። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ፓርኪንጉን ሞላው። አጠገባቸው ካለው የጥፍር ቤት ሴቶች ማስካቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘው ወጡ፣ አንደኛዋ ደወለች፣ የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ሰዎቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ እየሳቁ አጠፉት። ነገር ግን ሲሄዱ አለቃቸው፣ ይህ ነገር ከተደገመ ድንኳኑን እንዲያነሱ እንደሚደረግ ተናገረ።

እኔ ያን ጊዜ እዚያ የተገኘሁት ሥራ ስላልነበረኝ ነው። በአንድ ካዚኖ ባፌ ውስጥ ሥጋ ቆራጭ ነበርኩ። ሰው ሁሉ በአንድ ጭልፋ የሚበላበት ቦታ በወረርሽኝ ዘመን መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም። ሰንራይዝ ማነር ካለው አፓርታማችን ሚስቴ ለነርሲንግ ሆም ሺፍቷ ስትወጣ እኔም ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ። የምሄድበት የለኝም፤ ጎረቤቶቼ ቤት ውስጥ እንደዋልኩ እንዳያዩ ነው። መኪናዬን ይዤ ስዞር ውዬ ሐበሻ ያለበት ቦታ ላይ ፓርክ አደርጋለሁ። ጎልማሳ ሰውዬ ከሥራ መባረሩን ከማያውቃቸው ሰዎች ሲደብቅ ማየት ያስቃል፤ እኔን ግን ያን ጊዜ አላሳቀኝም።

ከድንጋዩ አንዱን አነሳሁና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ከሰል አይደለም» አልኳቸው።

«ከሰል ካልሆነ ምንድን ነው? ኮል ይላል!»

«ኮል የድንጋዩ ነው። የእኛን ቻርኮል ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ለአንድ ጥቁር ነገር ሁለት ስም ምን ያደርግላቸዋል?» ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ። ከዚያ ወደ ሜክሲኮዎቹ ሱቅ ሄጄ ትክክለኛውን እንዳመጣላቸው ለመኑኝ።

ከየዓይነቱ አንዳንድ ከረጢት ይዤ ተመለስኩና በመኪናዬ ኮፈን ላይ ደረደርኩት። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። እጄን እስከ ከረጢቱ ሥር ድረስ ሰድጄ አንድ አንድ ፍሬ አወጣሁ። ሁለቱን እርስ በርስ አጋጨሁና ጆሮዬን አቀረብኩ። አንዱን ሰብሬ ውስጡን አየሁ። ከዚያ ማስኬን ወደ አገጬ አወረድኩና ፍሬውን ወደ ታችኛው ከንፈሬ አስጠጋሁት።

«ማስክህን! ማስክህን!» አሉ እትዬ። ቀጥለው ግን ጠጋ ብለው አዩኝ።

«ይሄኛው እርጥበት ገብቶታል። ይሄኛው አልበሰለም፣ ግማሹ እንጨት ነው፣ ያጨስብዎታል። ይሄ ትራስ የመሰለው ዱቄት ተጠፍጥፎ የተሠራ ስለሆነ አመዱ ጥብሱ ላይ ይበንናል። ይሄ አራተኛው ይሁን።»

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ሙያ ከየት አመጣኸው?»

«ሠፈራችን ውስጥ የማያውቅ የለም» አልኳቸው። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር።

እናቴ ከሰል ሻጭ ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ሥር፣ ማዳበሪያ ሙሉውን ለሚችል በማዳበሪያ፣ ለማይችል በጣሳ ትሸጥ ነበር። ከሰሉ በጭነት መኪና ሲመጣ ሌሎቹ ሴቶች ይሻማሉ፤ እሷ አትሻማም። ከላይ ያለውን አትነካውም፤ «ከላይ ያለው ለዓይን ነው» ትላለች። እጇን ከሥር ታስገባለች። የበሰለ ከሰል ሲጋጭ እንደ ስኒ ይጮኻል፤ ያልበሰለው ዱብ ብሎ ዝም ይላል። ውስጡ ማብረቅረቅ አለበት። ደረቁ ደግሞ ከንፈር ይይዛል፤ ዝናብ የመታው ግን ከንፈር ላይ ይንሸራተታል። ነጋዴዎቹ ዝናብ የመታውን ከላይ ከላይ አድርቀው ስለሚያመጡ እሷ ከገዛ ከንፈሯ ሌላ ማንንም አታምንም ነበር። አንዳንዱ ነጋዴ ገና ከሩቅ ሲያያት ጥሩውን ለብቻ ያወርድላታል።

ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ እንዳትመጣ እጸልይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ መጣች፤ ከገበያ ቀጥታ ነው የመጣችው። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ሠራተኛችሁ ናት?» ሲለኝ አዎ አላልኩም፣ አይደለችምም አላልኩም። እሷ ሰምታ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ስብሰባ ሲኖር «እኔ እግሬን ያመኛል፣ አክስትህ ትሂድልህ» ማለት ጀመረች።

ሚስቴን ሳገባ ነጋዴ ነኝ ማለትን የመረጠችው እናቴ ራሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ወደ ልጅቷ ቤተሰብ ከመሄዳቸው በፊት አስቀምጣ መከረቻቸው። «እናቱ ነጋዴ ናቸው በሉ» አለች። «የምን ነጋዴ ቢሉንስ?» አላት አንዱ። ትንሽ አሰበችና «የጨርቃ ጨርቅ» አለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ምንም አልተናገርኩም። ልቤ ግን እፎይ አለ፤ እፎይ በማለቱም አፈርኩ። ዲቪ ደርሶን ከመጣን በኋላ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ማንም በማያውቃት ቦታ ኮንዶሚኒየም ተከራየሁላት። እዚያ ከሰል የሚባል ነገር ከስሟ ጋር ተነስቶ አያውቅም። የአሜሪካው እናት ናት። የብሎኩ ሴቶች ሲጣሉ እሷ ታስታርቀን ይላሉ፤ ልጅ ሲመረቅ፣ ሙሽራ ሲሸኝ፣ እሷ ሳትመርቅ አይነሱም። በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አለ። «ዛሬ ደግሞ የሦስተኛ ፎቆቹን ባልና ሚስት አስታረቅኩ፤ ሰውየው ጉልበቴን ሊስም ነበር» ትለኛለች። በዕድሜዋ መጨረሻ ያገኘችው ነገር ያ ነበር፤ ሰው ዘንድ ገብታ ከላይ መቀመጥ። እኔ ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

እትዬ ሥራ ሰጡኝ። ከሰሉን መምረጥና እሳቱን መያዝ የእኔ ሆነ። ድንኳኑ ሥር አስፋልቱ ጫማ ያቀልጣል፣ ላቤ ማስኬ ውስጥ ይንቆረቆራል፣ ግን የምሄድበት ነበረኝ። ወሬው ደግሞ በሐበሻው መሀል ተዛመተ። ከሀብታሞቹ ሠፈሮች ከሰመርሊንና ከኢንስፒራዳ፣ ጓሮአቸው ውስጥ የመኪናዬን ዋጋ የሚያህል መጥበሻ ያላቸው ሰዎች ከረጢታቸውን በመኪና እየጫኑ ይመጡ ጀመር።

«ብሮ፣ እስቲ ይሄን ቼክ አድርግልኝ፤ ቅዳሜ ጌስት አለብኝ።»

አጋጫለሁ፣ እሰብራለሁ፣ ማስኬን ዝቅ አደርጋለሁ። ሰዎቹ መስኮታቸውን በግማሽ ከፍተው ይጠብቃሉ። «አይሆንም» ስላቸው ፊታቸው ሲጠወልግ ደስ ይለኝ ነበር፤ ባፌ ቤት ሳለሁ ማንም ፊቴን ቀና ብሎ አላየም። ስሜ ሳይቀር ጠፍቶ «የከሰሉ ሰውዬ» ተባልኩ። አገር ቤት ብሆን ኖሮ ለዚህ ስም ሰው እደበድብ ነበር። ላስ ቬጋስ ላይ ግን ደረቴን ነፋሁበት።

በ2021 መጀመሪያ ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ሚስቴ ከሺፍቷ ወጥታ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ ጥግ ተቀምጣለች። እትዬ ለምግብ ቤቱ ገጽ ቪዲዮ ይቀርጹ ነበርና ስልካቸውን ወደ እኔ አዙረው «ለሕዝቡ ንገር እስቲ፣ ይሄን ሙያ ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

ያን ጊዜም «ሠፈራችን ውስጥ የማያውቅ የለም» ማለት እችል ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «እናቴ» የሚል ነው። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ወፍጮ ቤቱን፣ ጣሳውን፣ ከንፈሯን፣ የወላጅ ስብሰባውን፣ የጨርቃ ጨርቁን ውሸት ሳይቀር ዘረገፍኩት። ሰው ሁሉ መብላቱን አቆመ። ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ ሁሉም ተከተሉት። አንዲት ሴት ማስኳን አንስታ ዓይኗን ጠረገችበት። እትዬ ርቀት መጠበቅ የሚባለውን ትተው አቀፉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተሸክሜው የኖርኩት ነገር ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ፣ ሰውነቴ ቀለለኝ። ከዚያ በላይ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚስቴ «ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እጄን ያዘችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን «እሳቸውን ጠይቀሃቸዋል?» አለች።

«ምኑን?»

«ይሄን ማውራትህን።»

«የራሴን እናት? ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? ትኮራለች እንጂ!»

«የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ ያሉት እኮ እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

«ለኔ ብላ ነው እንደዚያ ያለችው። አሁን እኔ አላፍርም፣ አለቀ» አልኳት። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እናቴ የት እንዳለች አላስተዋልኩም ነበር።

እትዬ ማታውን «ልለጥፈው ወይ?» ብለው ጻፉልኝ፤ ፎቶዋ ቢኖርም መጨረሻው ላይ እንደሚያስገቡት ነገሩኝ። በረንዳዋ ላይ ነጭ ነጠላ ለብሳ የተነሣችውን፣ ከኋላዋ የኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች የሚታዩበትን ፎቶ መርጬ ላክሁላቸው። ቆንጆ ሆና የወጣችበት እሱ ላይ ነበር።

ቪዲዮው ከእጃችን ወጣ። ከየአገሩ ሰው «የጀግና እናት ልጅ»፣ «አልቅሼ ሞትኩ»፣ «እንዲህ ነው ወንድ» እያለ ይጽፋል። ሚስቴ ስትተኛ እኔ ስልኬን ይዤ አስተያየቱን እያንዳንዱን አነብ ነበር። ላመሰገነኝ ሁሉ ልብ እየላኩ።

ለእናቴ ስደውል አታነሳም። መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ኔትወርክ ይሆናል እያልኩ ቆየሁ። ስታነሳ ድምፅ ብቻ ነው።

«ካሜራሽን ክፈቺው እንጂ እማዬ።»

«ካሜራው እምቢ አለኝ።»

«ቪዲዮውን አየሽው?»

«አሳዩኝ። የሁለተኛ ፎቋ ልጅ በስልኳ ይዛ መጣች።»

«እና?»

«ጥሩ ነው። ወፍረሃል።»

ሳቅኩ። «ሰው ሁሉ እኮ ወደደሽ! አሜሪካ ሁሉ ያውቅሻል አሁን!»

«እግዜር ይስጣቸው» አለች።

ማፈሯ ነው፣ ያልለመደችው ሆኖባት ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ስንደዋወል ስለ ሥራዬ ትጠይቃለች፣ ስለ ሚስቴ ትጠይቃለች፣ ስለ በሽታው ትጠይቃለች። ስለ ባልና ሚስት ማስታረቅ የምታወራው ቀረ። ማን ተመረቀ፣ ማን አገባ፣ አትነግረኝም። እኔም በሙገሳ ሰክሬ ስለነበር የጎደለውን ለማስተዋል ወራት ፈጀብኝ። ባፌው ተከፍቶ ወደ ሥራ ለመመለስ ወረፋ በምጠብቅበት ሰሞን ነው አንድ ቀን ድንገት «እማዬ፣ ሠፈር ሰላም ነው? ማንም አያስታርቅም እንዴ አሁን?» ያልኳት። ለቀልድ ነበር።

ምንም ሳታጋንን፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነገረችኝ።

ቪዲዮው በወጣ ሰሞን በብሎካቸው ለቅሶ ሆነ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች፤ ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ አንዲት ወጣት ሴት ተነሥታ ተቀበለቻት። በሁለት እጇ ነው የያዘቻት፣ በአክብሮት። «እማማ፣ እንኳን መጡልን! እድሩ የገዛው ከሰል እያጨሰ ሊገድለን ነው፤ እርስዎ ያውቁበታል፣ እስቲ ይዩልን» ብላ ወደ ጓሮ ይዛት ሄደች። ጓሮ ውስጥ ማዳበሪያዎቹ ተደርድረዋል፣ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች አሉ። ዱካ አቀረቡላት። አንዷ «ቪዲዮው ላይ እንዳለው በከንፈርዎ ያሳዩን» አለቻትና ሌሎቹ ስልካቸውን አወጡ።

«ክፉ አስበው አይደለም» አለችኝ እናቴ። «አከበሩኝ ብለው ነው።»

«ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? አሳየኋቸው።»

«እምቢ ማለት ነበረብሽ እኮ!» አልኩ። ጮኼ ነበር። በማን ላይ እንደምጮህ እንጃ።

«ልጄ በአደባባይ ቆሞ ያወራውን እኔ ምን ብዬ እምቢ ልበል? ልጄ ይዋሻል ልበላቸው?»

ከዚያ ወዲህ ለቅሶም ሲሆን ሰርግም ሲሆን ጓሮ ነው የምትገባው። ገና ሳትጠራ ራሷ ቀጥታ ትሄዳለች፤ «ከመጠራት ይሻላል» አለችኝ። እኔ ስልኩን ይዤ አፓርታማችን በር ላይ ቆሜያለሁ፤ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሕይወቴን ሙሉ በእሷ ሳፍር ኖሬ፣ ማፈሩን የተውኩ ቀን ሸክሙን አንስቼ እሷ ላይ እንደጫንኩባት አየሁ። እሷ ደግሞ አሮጊት ናት።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «አስጠፋዋለሁ። አሁኑኑ እትዬን ነግሬ አስጠፋዋለሁ።»

«ምን ይጠቅማል፣ ሁሉም አይቶታል። ተወው። ደስ ብሎህ ነበር፤ ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ። እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም።»

ይህ ከስድብ በላይ ቆረጠኝ። «ታዲያ አሁን ውስጥ ማን ነው የሚመርቀው?» አልኳት።

«አንዲት አዲስ የመጡ ሴትዮ አሉ» አለች። «ልጃቸው ባንክ ነው አሉ የሚሠራው። ጥሩ ሴት ናቸው፤ ሲመርቁ ድምፃቸው ጓሮ ድረስ ይሰማል።»